ፓለስትሪና ወረቀቱ ላይ ያልጻፈው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝና «አንተ የምትዘምረው ነገር ነው መሰለኝ» አለኝ። ልክ ነው። ጽሑፉ የአውሮፓ የህዳሴ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ እንዴት መዘመር እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። በአማርኛ ተጽፎ ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ። መሀሉ ላይ ስደርስ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። ስጨርስ ቡናዬ ቀዝቅዟል።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ይህ ዝማሬ ያለ መሣሪያ፣ በትልቅ ኮራል (የመዘምራን ቡድን)፣ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥና ስሜት ሳይታይበት መዘመር አለበት። ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ይዘመር፤ አይጨመር፣ አይቀነስ። ሴቶች ባይገቡበት ይመረጣል። ላቲኑ እንደ ጣልያኖች ይነበብ። ኮንሰርት ላይ ማቅረብ ሙዚቃውን ከሥሩ መንቀል ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለእኛ ለሐበሾች ባዕድ ድምፅ ነው» ብለው ይደመድማሉ። «መላእክት እንደሚዘምሩት» የምትለዋን ሐረግ ሦስት ቦታ አግኝቻታለሁ።

እኔ ምሁር አይደለሁም። ጀርመን አገር፣ በአንዲት ትንሽ ኮራል ውስጥ ባስ፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ፣ እዘምራለሁ። 12 ሰዎች ነን፤ ጉንፋን ሲገባ 9። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እንለማመዳለን። የምመልሰው ካነበብኩትም፣ ማክሰኞ ማታ ካየሁትም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

«ፓለስትሪና ይህን ዝማሬ ከመታገድ አዳነው» ይላሉ፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያናዊ የዝማሬ ደራሲ ነው። ከዚህ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ታሪኩ እንዲህ ነው የሚወራው። በትሬንት የተሰበሰበው የካቶሊክ ጉባኤ ፖሊፎኒን፣ ማለትም ብዙ ድምፆች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው አብረው የሚሄዱበትን ዝማሬ፣ ሊያግድ ተነሣ። ቃሉ አይሰማም ተብሎ። ያኔ ፓለስትሪና በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርቼሎ ስም የተሰየመውን ቅዳሴ ደርሶ አሰማቸው። ልባቸው ተነካ፤ እገዳው ቀረ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ያ ቅዳሴ የሁሉ መለኪያ ነው ይሉናል።

ያማረ ታሪክ ነው። በ1917 ኦፔራ ሳይቀር ተሠርቶበታል። ማስረጃው ግን አይሸከመውም። ጉባኤው በ1562 የወሰነው ከሙዚቃው ውስጥ ነውረኛና ርኩስ ነገር ይውጣ ብሎ ነው። ፖሊፎኒ ይታገድ የሚል ቃል ውሳኔው ውስጥ የለም። በሚያዝያ 1565 የጳጳሱ ዘማሪዎች ካርዲናል ቪቴሊ ቤት ተጠርተው ጥቂት ቅዳሴዎች ዘምረዋል፤ ቃሉ ይሰማ እንደሆነ ለመፈተን። የማን ድርሰት እንደነበረ የመዘምራኑ መዝገብ አልጻፈም። የማርቼሎ ቅዳሴ የታተመው በ1567 ነው። «አዳነው» የሚለው ወሬ የተስፋፋው ደግሞ ፓለስትሪና በ1594 ካረፈ በኋላ ነው።

እውነተኛው ታሪክ ለእኔ የበለጠ ይጥመኛል። 1555ን እዩት። በጥር ፓለስትሪና በጳጳሱ በዩልዮስ ሣልሳዊ ትእዛዝ፣ ያለ ፈተና፣ የጳጳሱ መዘምራን ውስጥ ገባ። ነባሮቹ ዘማሪዎች አልፈቀዱም ነበር። በመጋቢት ጳጳሱ ሞቱ። ማርቼሎ ተተኩና በስቅለት ዕለት ዘማሪዎቹን ሰብስበው፣ ዝማሬው ለዕለቱ ኀዘን የሚገባ ይሁን፣ ቃሉም በደንብ ይሰማ አሏቸው። እሳቸውም በመንበሩ 22 ቀን ብቻ ቆይተው አረፉ። ቀጥለው የመጡት ጳውሎስ ራብዓዊ ሚስት ያላቸውን ዘማሪዎች አሰናበቱ። ፓለስትሪና ባለትዳር ነበር። ትንሽ ጡረታ ተቆረጠለትና ዓመቱ ሳያልቅ ወጣ።

ይህን ያነሣሁት ለሐሜት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለሐሜትም ነው። ግን ሰውየው ደመወዝተኛ ነበር። ጳጳስ በተቀየረ ቁጥር እንጀራው የሚነቃነቅ፣ ባሉት ዘማሪዎች ልክ የሚደርስ ባለሙያ። ለሁሉ ዘመን ሕግ ልደንግግ ብሎ የተቀመጠ አልነበረም።

«መሣሪያ የለም፤ አ ካፔላ ማለት ይኸው ነው» ይላሉ ቀጥለው። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም «እንደ ቤተ ጸሎቱ ሥርዓት» ማለት ነው። በሲስቲን፣ በጳጳሱ ቤተ ጸሎት፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ አይገባም ነበር፤ ኦርጋን እንኳ አልነበረም። እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ስሕተቱ አንድ ደብር አይቶ ስለ አገሩ ሁሉ መናገሩ ላይ ነው።

ሴቪያን እንውሰድ። የስፔኑ ትልቅ ካቴድራል በ1526 ነፊዎችን በቋሚነት ቀጠረ። ፍራንሲስኮ ጌሬሮ፣ የዚያው ካቴድራል መሪ፣ በ1586 ለነፊዎቹ መመሪያ አውጥቷል። ለእመቤታችን በሚዘመረው ሳልቬ አንዱን ስንኝ በሻውም፣ ሁለተኛውን በኮርኔቶ፣ ሦስተኛውን በዋሽንት እንዲነፉ ያዛል። ምክንያቱም ያስቃል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሣሪያ መስማት ያሰለቻል ይላል። በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በ1568 ጂሮላሞ ዳላ ካዛን ከወንድሞቹ ጋር በነፊነት ቀጠረ። በዚያው ዓመት ሙኒክ በአንድ የመሳፍንት ሠርግ ላይ የደራሲው የስትሪጆ ባለ 40 ድምፅ ሞቴት፣ ማለትም በላቲን የሚዘመር መንፈሳዊ ድርሰት፣ ሲቀርብ 8 ትሮምቦኖች፣ 8 ባለ ክር መሣሪያዎችና 8 ዋሽንቶች ከዘማሪዎቹ ጋር ነበሩበት። በስፔን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ባሶቹን የሚደግፍ ባሆን የሚባል መሣሪያ ነበር። እኔ ባስ ነኝ። ማክሰኞ ማታ፣ ጎኔ ያለው ሰውዬ ሳል ይዞት ሲቀር፣ ያንን ባሆን እንዴት እንደምመኘው እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ኮራሉ ትልቅነት ብዙ አልልም። የሲስቲን ዘማሪዎች በዚያ ክፍለ ዘመን ከ20 እስከ 30 ገደማ ነበሩ። የሚቆሙባት በረንዳ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ ላይ ዘማሪዎች ስማቸውን ጭረው ጽፈውባታል፤ ከፓለስትሪና በፊት የነበረው ደራሲ የጆስካን ስምም አለበት። ታሊስ በእንግሊዝ የደረሰው ባለ 40 ድምፅ ሞቴት እንኳ እያንዳንዱ 5 ድምፅ ያላቸው 8 ቡድኖች ነው። አንድ ሰው ለአንድ ድምፅ ከተመደበ 40 ሰው በቃ። 80 ሰው በአንድ ባለ 4 ድምፅ ቅዳሴ ላይ ሲከመር ቃሉ ይታፈናል። ማርቼሎ በስቅለት ዕለት የለመኑት ደግሞ ተቃራኒውን ነበር።

አሁን ወደ ሴቶቹ። «በዘመኑ ሴት አልዘመረችም፤ ታማኝ እንሁን» ይላሉ። በካቴድራሎቹና በጳጳሱ ቤተ ጸሎት፣ እውነት ነው። የላይኛውን ድምፅ ልጆች፣ ወይም ድምፃቸውን ወደ ላይ አውጥተው የሚዘምሩ ወንዶች ይይዙት ነበር። ቆይቶ ደግሞ ስልቦች መጡ። በ1599 ሁለት ስልብ ዘማሪዎች በይፋ ወደ ጳጳሱ መዘምራን ገቡ። የመጨረሻው፣ አሌሳንድሮ ሞሬስኪ፣ በ1902 እና በ1904 ድምፁ በሸክላ ተቀድቷል። ታማኝነት እስከ መጨረሻው ከተባለ ይህም የታማኝነቱ አካል ነው። ጸሐፊው እስከዚያ አልሄዱም። እግዜር ይስጣቸው።

ግን «ሴት አልዘመረችም» ማለቱ ራሱ ትክክል አይደለም። በፌራራ የቅዱስ ቪቶ ገዳም መነኮሳዪያት ዘማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኮርኔቶና ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ቦትሪጋሪ የሚባል ጸሐፊ በ1594 ባሳተመው መጽሐፍ ተደንቆ ይተርከዋል። ከእነሱ አንዷ፣ ራፋኤላ አሌዮቲ፣ በ1593 የራሷን የላቲን ሞቴቶች አሳትማለች። አንዳንዶቹ ባለ 10 ድምፅ ናቸው።

እንግሊዝ ደግሞ አለች። ካቶሊክ ቅዳሴ ክልክል በሆነበት ዘመን ዊልያም በርድ በ1590ዎቹ ሦስት ቅዳሴዎች አሳተመ፤ የ3፣ የ4 እና የ5 ድምፅ። የመጽሐፉ የፊት ገጽ ተትቷል፣ የአታሚው ስምም የለም። የተደረሱት ለካቴድራል አልነበረም። በር ተዘግቶ፣ በመኳንንት ቤት ውስጥ ተደብቀው ለሚቀድሱ ሰዎች ነው። ዌስተን የሚባል ኢየሱሳዊ ካህን በ1586 በአንድ እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ በርድም እዚያው ነበር። የቤቱ ጌታ ኦርጋንና ሌሎች መሣሪያዎች፣ ከቤተሰቡ የተውጣጡ ወንድና ሴት ዘማሪዎች ነበሩት ብሎ ጽፏል። ወንድና ሴት ይላል። የእኛ ኮራል ለበርድ ከብዙ ካቴድራል ይልቅ እንቀርበዋለን ብል ድፍረት ይሆንብኛል? እላለሁ።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ» የሚሉት ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋናው ጠቤ እዚህ ነው።

የትኛው ወረቀት? ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ኖታ የዘመናችን አሳታሚ ያዘጋጀው ነው። ባር መስመሮቹን የጨመረው እሱ ነው። ድምፆቹን አንዱን ከአንዱ በታች የደረደረው እሱ ነው። በዘመኑ ግን ዘማሪዎቹ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አትሮንስ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ይቆማሉ። ወይም እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ይይዛል። ጎረቤቱ ምን እንደሚዘምር በዓይኑ አያይም፤ በጆሮው ነው የሚሰማው። ወረቀቱ ቀስ በሉ፣ ፍጠኑ አይልም። ከፍ አድርጉ፣ ዝቅ አድርጉ አይልም። ቃሉ የትኛው ኖታ ላይ እንደሚያርፍ ብዙ ጊዜ በትክክል አያሳይም፤ የሙዚቃ ሊቁ ዛርሊኖ በ1558 ለዚህ ሕግጋት እስከ መጻፍ ደርሷል። መዝጊያው ላይ መጨመር ያለበትን ሻርፕ፣ ድምፁን በትንሹ ከፍ የሚያደርገውን ምልክት፣ እንኳ አይጽፍም። ዘማሪው ራሱ ማወቅ አለበት። ያላወቀ ያፍር ነበር።

እኛ አገር ዜማ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ከፊደሉ በላይ ያለችው ምልክት የምታስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ነው። ዜማውን ከመሪጌታው አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቷን ቢያይ ምን ይረባዋል? የአውሮፓው ኖታ ከዚያ ይበልጥ ይናገራል፤ ግን ሁሉን አይናገርም።

አንድ ነገር ከራሳችን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የፓለስትሪና ሞቴት ይዘን ነበር። የድሮው መሪያችን ለወረቀቱ ታማኝ ነበር፤ ልክ እንደ ጸሐፊው። የተጻፈው ከፍታ ላይ ዘመርነው። ሶፕራኖዎቹ ጣራ ላይ ተንጠልጥለው ሦስት ሳምንት ተሠቃዩ። ቴነሮቹ አንገታቸው ተገታተረ። አንዷ አልቶ ነች ያወቀችው። የመጀመሪያውን እትም ክሌፍ፣ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የኖታዎቹን ከፍታ የሚወስነውን ምልክት፣ አየች፤ ሁሉም ከተለመደው ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክሌፍ ሲታይ «ዝቅ አድርገህ ዘምር» ማለት እንደሆነ ባለሙያው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከፋ ወደ ዶ እንደ መውረድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አወረድነው። ሶፕራኖዎቹ መተንፈስ ጀመሩ፤ ቃሉም ተሰማ። ያ «መላእክታዊ» ቀጭን ጩኸት የመጣው ምልክቱን ባለማንበብ ነበር።

ጸሐፊው ለመላእክታዊው ድምፅ ማረጋገጫ ያደረጉት ሚዜሬሬ የሚባለውን የአሌግሪን ዝማሬ ነው። በተለይ አንዷ ሶፕራኖ ብቻዋን ወደ ላይኛዋ ዶ የምትወጣበትን ቦታ። አሌግሪ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሲስቲን የደረሰው ነው። ሞዛርት በ1770፣ በ14 ዓመቱ፣ ሰምቶ በጽሑፍ ያሰፈረው ይኸው ነው። ያቺ ዶ ግን የአሌግሪ አይደለችም። ጀርመናዊው ደራሲ ሜንደልሶን በ1831 ሮም ሄዶ ሲሰማው አንዱ ክፍል ከፍ ብሎ ይዘመር ነበር፤ በሰማው ከፍታ ጻፈው። በኋላ አዘጋጆች ያንን ቁራጭ ዝቅ ብሎ ከተጻፈው ከቀረው ጋር ሰፉት። መሀል መንገድ ላይ ሙዚቃው ድንገት ቅኝቱን ይቀይራል፤ ማንም ልብ አይልም፣ ስለሚያምር። እኔም ስሰማው ያባባኛል። የቅጂ ስሕተት ሰውን እንዲህ ሲያስለቅስ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። የሲስቲን ዘማሪዎች ዝናቸው ሌላ ነበር። መሠረቱ ቀላል ዜማ ነው፤ እነሱ በልምድ በሚያውቁት ጌጥ ያለብሱት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ነው እንግዲህ ሰዉን ያስደነቀው።

ጌጥ ካነሣን፣ ጆቫኒ ባሳኖ በ1591 በቬኒስ የፓለስትሪናን ሞቴቶች ከነጌጣቸው አሳትሟል። አንዱ ረጅም ኖታ ወደ ብዙ ትንንሽ ኖታዎች ይበተናል። ፓለስትሪና ያኔ በሕይወት ነበር። ለጸሐፊው የሚያግዝም ላንሣ፣ ፍርድ እንዳይጎድል። ጆስካን ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ የታተመ አንድ ተረክ አለ። አንድ ዘማሪ ድርሰቱ ላይ ጌጥ ሲጨምርበት ጆስካን «አንተ አህያ!» ብሎ ሰደበው፤ ጌጥ ብፈልግ ራሴ እጨምርበት ነበር አለው ይባላል። ተረኩ እውነት ከሆነም የሚነግረን ዘማሪዎች ይጨምሩ እንደነበር ነው። ካልጨመሩ ማንን ይሳደባል?

«ስሜት አይታይበትም» ለሚለው ቪቼንቲኖ የሚባል የሙዚቃ ሊቅ በ1555 መልሷል። ዘማሪ እንደ ተናጋሪ ነው ይላል፤ እንደ ቃሉ ይጮኻል፣ ይለሰልሳል፣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ድምፅ ፈጽሞ አይንቀጠቀጥ ለሚሉትም ዛኮኒ የሚባል ሌላ የሙዚቃ ጸሐፊ በ1592 ትንሽና ደስ የሚል እስከሆነ ድረስ ወዶታል። ታዲያ ያ ጠፍጣፋ፣ ብርጭቆ የመሰለ ድምፅ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከእንግሊዝ ኮሌጅ ቤተ ጸሎቶችና እዚያ ካደጉ የዘመናችን ቡድኖች ነው። ታሊስ ስኮላርስ የሚባሉት እንግሊዛውያን ዘማሪዎች በ1973 ተመሠረቱ። በ1980 የቀዱትን ሚዜሬሬ ስንቱ ሰው ቤት ተሰምቷል። እኔም በእነሱ ነው ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት፤ ዛሬም እሰማቸዋለሁ። በነገራችን ላይ የላይኛውን ድምፅ የሚዘምሩት ሴቶች ናቸው። ጸሐፊው «የጥንቱ ድምፅ» ያሉት ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

ላቲኑን በአጭሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ አገር ላቲንን በራሱ አፍ ነበር የሚያነበው። ሊቁ ኤራስመስ በ1528 ይህን እየዘረዘረ ቀልዶበታል። ጣልያኑ «አኙስ ዴኢ» ሲል ጀርመኑ «አግኑስ ዴኢ» ይላል። ጣልያኑ «ቼሊስ» ሲል ጀርመኑ «ጼሊስ» ይላል። በእኛ ፊደል ሁለቱም ያለ ችግር ይጻፋሉ፤ ይህን ለኮራል ጓደኞቼ ባሳያቸው ቀኑብኝ። የጣልያኑ ንባብ በየቦታው የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግእዝን የትግራይ ቄስና የጎጃም ቄስ እኩል አያነቡትም፤ ሐውንና ዐይኑን ስሙ። ማን ነው ተሳስቷል የሚል?

ኮንሰርቱ ላይ ግን በአብዛኛው እስማማለሁ። በቅዳሴ ውስጥ ኪርዬና ግሎሪያ የሚባሉት ክፍሎች ተከታትለው ይዘመራሉ። ከዚያ ጸሎት፣ ንባብ፣ አንድ ድምፅ ያለው ዜማ፣ ስብከት ይገባል። ሳንክቱስና አኙስ ብዙ ቆይተው ነው የሚመጡት። ኮንሰርት ላይ አምስቱን ክፍል ደርድረን ስንዘምር ለ30 ደቂቃ ማር ብቻ እንደ መብላት ይሆናል። እኛ አሁን በመሀል ዜማ እናስገባለን፤ አንዳንዴም ዝም እንላለን። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይዘመር የሚለውን ግን የበርድ ሳሎን ያፈርሰዋል።

የመጨረሻዋ ናት ያሳዘነችኝ፤ «ለእኛ ባዕድ ድምፅ» የምትለዋ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ጀርባ፣ ቫቲካን ውስጥ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ የእኛዎቹ ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ሰማቸው፤ ግእዝ ከእነሱ ተማረና በ1513 ዳዊቱን በግእዝ አሳተመ። በ1548 እና 1549 ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ፓለስትሪና በ1551 የቅዱስ ጴጥሮስ መዘምራን መሪ ሲሆን ጎረቤቶቹ እነዚህ ናቸው። በአንድ ግቢ ሁለት ዜማ ይዘመር ነበር፤ አንዱ በላቲን፣ አንዱ በግእዝ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ የበርድን ባለ 4 ድምፅ ቅዳሴ እንጀምራለን። ከሶፕራኖዎቹ አንዷ ልትወልድ ስለደረሰች ሁለት ብቻ ናቸው። ሁሉንም አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገን ነው የምንይዘው።